ግሪዝል ማንንም አታምንም

ግሪዝል ፐርቪስ ቄሱ ሻይ ጠጥቶ ሲወጣ ማንኪያዎቿን ትቆጥር ነበር። ቄሱም ያውቃል። አንድ ዓርብ በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና፣ «ሁሉም አሉ፣ ሚስስ ፐርቪስ?» አላት ለመቀለድ ያህል።

«አንድ ጎድሏል» አለችው ቀና ሳትል። «እስካገኘው እዚያው ደጃፉ ላይ ይቆዩ።»

ቄሱ የሳቀ መስሎ ቆመ። ማንኪያው ከሾርባው ድስት ሥር ሲገኝ ይቅርታ እንኳ አልጠየቀችውም። «በሉ ይሂዱ» ብላ አሰናበተችው።

ሰው ይሳቅባት እንጂ፣ የኦክተርሎ ከተማ ራሷ ከግሪዝል የተሻለች አልነበረችም። በደቡብ ስኮትላንድ ኮረብቶች መሐል ያለችው ይህች ከተማ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ዓርብ ገበያ ስታቆም፣ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ሌባ ስትፈልግ የኖረች ናት። በአያት ቅድመ አያቶቻቸው ዘመን ሰርቆ የተገኘ ሰው በአደባባዩ ላይ ጆሮውን በምስማር ተቸንክሮ ይውል ነበር። እስከ ዛሬም ትልቁ በዓላቸው ሰኔ ላይ ነው፤ የዚያን ዕለት ወንዱ ሁሉ ፈረሱ ላይ ይወጣና የከተማዋን ወሰን በሙሉ ይዞራል። ለምን ቢባል፣ ጎረቤት ከተማ በክረምቱ የድንበር ድንጋይ ገፍቶ እንደሆነ ለማየት ነው። ድንጋዩ ተገፍቶ አያውቅም። እነሱም መዞሩን ትተው አያውቁም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባለው ለእንዲህ ያለ አገር ነው።

ግሪዝል የእረኛ ልጅ ናት። ያደገችው ከከተማው ርቆ ኮረብታ ላይ፣ ነፋስ በማያባራበት የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ፊደል ከመቁጠሯ በፊት የበግ ጆሮ ማንበብ ተምራለች፤ በዚያ አገር እያንዳንዱ እርሻ የራሱ የጆሮ ምልክት አለው። አንዱ የቀኙን ጫፍ ይሰነጥቃል፣ ሌላው የግራውን ታችኛ ጠርዝ በጥቂቱ ይቆርሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት ዎልተር ፐርቪስ የሚባል ጣሪያ ሠሪ አገባች። ሸጋ ነበር፤ ሲዘፍን መንገደኛ ያቆም ነበር። በአራተኛው ዓመት የፈረስ ኮርቻ ሊያሠራ ብሎ በጠዋት ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ከስምንት ወር በኋላ ከካናዳ አንዲት ፖስት ካርድ መጣች፤ ሥዕሉ የበረዶ ተራራ ነው፤ ከጀርባው «ደህና ነኝ» ይላል። ግሪዝል ካርዷን እሳት ውስጥ ጨመረችና ሰው ማመን በዚያው አበቃ። ፈረስ እንዳልነበራቸው ያስታወሰችው ያን ዕለት እንደሆነ እሷው ራሷ ትናገራለች።

ከዚያ በኋላ በከብት ገበያው በር ላይ አንዲት የእንጨት ጎጆ ተከራየች። የገብስ ሾርባ፣ የአጃ ቂጣ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የበግ ሥጋ፣ ሻይ። መስኮቷ በቀጥታ ወደ በጎቹ በረት ነው የሚያየው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ መስኮት የገባውንና የወጣውን ሁሉ ስታይ ኖረች፤ ገበሬውም እንደ ጉምሩክ በር ተሳቆ ነበር በፊቷ የሚያልፈው።

ይህ ሁሉ የሆነው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ክፉ ዓመታት፣ የሱፍ ዋጋ ወድቆ ገበሬው ሁሉ አንገቱን በደፋበት ጊዜ ነው። በዚያ መስከረም ከኮርቢሆፕ ኮረብታ በጎች መጥፋት ጀመሩ። ባለቤታቸው አዳም ስኩላር ይባላል፤ ከሰው ይልቅ ከውሻው ጋር ብዙ የሚያወራ ብቸኛ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ አራት ጠፉ፤ «ገደል ገብተው ይሆናል» አለ። ቀጥሎ ስድስት ጠፉ። ገደሉን ወርዶ ቢያይ አጥንት እንኳ የለም።

በዚያው ሰሞን ከወንዙ ዳር፣ ከድሮው ወፍጮ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ድንኳን ተክለው ነበር። በየዓመቱ ይመጣሉ። ወንዶቹ ድስት ይበይዳሉ፤ ሴቶቹ የቆርቆሮ ኩባያና ከእንጨት የተጠረበ የልብስ መቆንጠጫ በቅርጫት ይዘው በየደጁ ይሸጣሉ። የቤተሰቡ እናት ስም ቤላ ታውንስሊ ነው። አጥንተ ሰፊ፣ ፀጉረ ቀይ፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት ናት።

አንድ ሐሙስ ጊዲዮን ሌይድሎ ግሪዝል መስኮት ላይ ክርኑን ደገፍ አድርጎ ሾርባ ጠጣ። ሌይድሎ ትልቅ ሰው ነው። የዊኒሪግ እርሻ ጌታ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ የገበያው ኮሚቴ አባል።

«መጠርጠር ኃጢአት ነው» አለ ሾርባውን እፍ እያለ፤ «ግን ትናንት በድንኳኖቹ በኩል ሳልፍ የበግ ሥጋ ሽታ ሸተተኝ። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ከየት አምጥቶ ነው የበግ ሥጋ የሚበላው? እኔ ምንም አላልኩም። ሸተተኝ ነው ያልኩት።»

«ሸተተዎት?»

«አፍንጫ አለኝ፣ ሚስስ ፐርቪስ።»

ለግሪዝል ይህ ይበቃታል። በማግሥቱ ዓርብ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት ቤላ ቅርጫቷን በክንዷ አንጠልጥላ በመስኮቱ ስታልፍ፣ ግሪዝል ሽርጧን እንደታጠቀች ወጥታ መንገዷን ዘጋችባት።

«ምን አለ በቅርጫቱ?»

«ዓይን የለሽም? ኩባያ ነው።»

«ከኩባያው ሥር?»

«ከኩባያው ሥር ሌላ ኩባያ።»

«ግለጪው!»

«አንቺ ዳኛ ነሽ ወይስ ሾርባ ሻጭ?» አለች ቤላ። ሰው ተሰበሰበ። «የአዳም ስኩላርን በጎች ማን በላቸው?» ብላ ግሪዝል ጮኸች። «ሌባ! መላው ዘርሽ ሌባ!» ቅርጫቱን ያዘች፤ ቤላም አልለቅም አለች። ጉተታው ላይ ቅርጫቱ ተገለበጠና ኩባያዎቹ ድንጋዩ ላይ ተንከባለሉ። ከኩባያና ከመቆንጠጫ በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። የሚነዱት ከብቶች ግን ለማንም አይቆሙምና ኩባያዎቹ በኮቴ ተጠፍጥፈው ቀሩ። ቤላ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች፤ እንደ ሳህን ተለጥጧል። ወደ ግሪዝል ዞረች።

«ልጄ ልትወልድ ቀናት ናቸው የቀሯት» አለች በዝግታ። «ዛሬ ከዚህ ካባረሩን በአንቺ ነው።»

አባረሯቸው። ሳጅን ኢምሪ፣ የከተማው ፖሊስ፣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ወረደ። ኮሚቴው አዝዞታል። ድንኳኖቹ ሲነቀሉ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ጊዲዮን ሌይድሎ ወደ ጎጆዋ ብቅ ብሎ፣ «ጎበዝ ግሪዝል፤ እንዳንቺ ያለ ዓይን ያለው ሰው ከተማው ያስፈልገዋል» አላት። ደስ አላት። ከዎልተር ወዲህ ጎበዝ ያላት ሰው አልነበረም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ቀጥቃጮቹ ከአገሩ ከወጡ በኋላ፣ ከኮርቢሆፕ ሌላ አምስት በጎች ጠፉ።

አዳም ስኩላር ይህን የነገራት ሻዩን እያማሰለ፣ እንደሚያፍር ሰው ነው። ግሪዝል ማሰሮውን እንደያዘች ቀረች። «መቼ?» አለችው። «ማክሰኞ።» ማክሰኞ ቀጥቃጮቹ የት እንደነበሩ ታውቃለች፤ የአውቶቡሱ ሾፌር ከዚያ የሃያ ማይል መንገድ ርቀው እንዳያቸው ነግሯታል። ሌሊቱን አልተኛችም አይባልም፤ ተኝታለች። ግን በማግሥቱ የሾርባው ጨው በዛ፤ ገበሬዎቹም ተቆጡ።

የጥቅምት መጨረሻ ዓርብ የአሮጌ እናት በጎች ሐራጅ ነው። ጊዲዮን ሌይድሎ አሥራ አንድ በጎች አምጥቶ በረት አስገባ። ነጭ ፊት፣ ቀንድ አልባ፣ ያማሩ። ግሪዝል ከመስኮቷ ሆና አየቻቸው። አንድ ነገር አላማራትም፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣላትም። ሊጥ እየዳመጠች ደግማ አየች። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወጣች።

በረቱን ከፍታ ገባች። የመጀመሪያዋን በግ አገጯን ይዛ ጆሮዋን ዳሰሰች። የግራ ጆሮዋ ከግማሹ በላይ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ ቁስሉ ደርቆ ጥቁር ቅርፊት ይዟል። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም። የኮርቢሆፕ ምልክት በግራ ጆሮ ታችኛ ጠርዝ ላይ፣ ከጫፉ አጠገብ የተቆረሰ ነው። ምልክቱ ያለበት ቦታ በሙሉ የለም።

«ሚስስ ፐርቪስ!» ሌይድሎ ከኋላዋ ቆሟል፤ ፈገግ ብሏል። «ሥጋሽ እንዳያርርብሽ። በጎቼ ሾርባ አላዘዙም።»

በዙሪያው ያሉት ሳቁ።

«ጆሯቸውን ምን ነካው?»

«ቁስል ነበረበት። እንዳይዛመት ቆረጥኩት።»

«የአሥራ አንዱም? የአሥራ አንዱም ግራ ጆሮ?»

ፈገግታው ትንሽ ጠበበ። «ምን ልትዪ ነው?»

«ምንም አላልኩም» አለች ግሪዝል። «ሸተተኝ ነው ያልኩት።»

ይህን ስትል የራሷ ቃል አስደነገጣት። ያን ሐሙስ መስኮቱ ላይ የተደገፈው ክርን፣ የሾርባው እንፋሎት፣ «አፍንጫ አለኝ» ያላት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት። ዕድሜዋን በሙሉ ማንንም አላምንም ስትል ኖራ፣ ያመነችው አንድ ሰው ሌባው ሆነና አረፈው። እንደ ውሻ አስጩኾ፣ በሰው ላይ ለቅቋት ነበር።

«ባለፈው ቀጥቃጯ፣ ዛሬ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ!» አለ አንዱ ከብት ነጂ ከአጥሩ ላይ ሆኖ። «የሚቀጥለው ዓርብ የማን ተራ ነው ግሪዝል? የቄሱ?»

«የቄሱ አልፏል» አለ ሌላው። «ማንኪያ ሰርቀው ነበር።» ገበያው በሳቅ ተናጋ።

ግሪዝል ሰውን እየገፈተረች ሄዳ አዳም ስኩላርን ከሻይ ጎጆዋ ጥግ ጎትታ አመጣችው። አዳም በጎቹን አየ። ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«ያንተ ናቸው ወይስ አይደሉም?»

«በፊታቸው... የኔ ይመስላሉ» አለ ወደ መሬት እያየ።

«ይመስላሉ?» አለ ሌይድሎ። «አዳም፣ በየእሑዱ ከኔ ኋላ ነው የምትቀመጠው። ሌባ ነህ ልትለኝ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም፣ ሚስተር ሌይድሎ።»

ሳጅን ኢምሪ ተጠራ። በጎቹን አየ፣ ሌይድሎን አየ፣ ግሪዝልን አየና ተነፈሰ። «ሚስስ ፐርቪስ፣ የበግ ፊት ምስክር ሆኖ ፍርድ ቤት አይቆምም።»

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ነበር። አጫራቹም አሥራ አንዱን በጎች ወደ ሐራጁ መድረክ አስነድቶ ዋጋ መጥራት ጀመረ። ጠራ። ደግሞ ጠራ። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ጠራ። ከመቶ የሚበልጥ ገበሬ በክብ ቆሞ አንድ ጣት እንኳ አላነሳም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የግሪዝልን ወሬ አምኛለሁ የሚል አልነበረም፤ ግን የተቆረጠ ጆሮ ወደ እርሻው ይዞ ሊገባ የፈለገም አልነበረም። የሚሰማው የበጎቹ እግር ብቻ ሆነ። የሌይድሎ አንገት ከኮሌታው በላይ ቀላ።

ያን ጊዜ ግሪዝል ከአጥሩ ወዲያ ሆና ተናገረች። «ሳጅን፣ የበግ ፊት ምስክር ካልሆነ እግሯ ይሁን። የኮረብታ በግ የተወለደችበትን ቦታ ከእናቷ ወተት ጋር ነው የምትማረው፤ አጥር የለው፣ ገመድ የለው፣ ግን ከዚያ አትወጣም። አባቴ እረኛ ነበር፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድልድዩ ማዶ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ወደ ዊኒሪግ፣ ቀኙ ወደ ኮርቢሆፕ። ልቀቋቸው። ሰውም ውሻም አይንዳቸው።»

«ጨዋታ ነው እንዴ!» አለ ሌይድሎ።

«የእርስዎ ከሆኑ ወደ ቤትዎ ይገባሉ» አለች። «ምን ያስፈራዎታል?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እንቢ ሊል አልቻለም።

ከከተማው ግማሹ ተከትሎ ወጣ። በጎቹን ድልድዩን አሻግረው ለቀቋቸውና ወደ ኋላ ተመለሱ። በጎቹ መጀመሪያ ምንም አላደረጉም። የመንገድ ዳር ሣር መንጨት ጀመሩ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዱ ፉጨት ቢጀምር ሳጅኑ ገሠጸው። ግሪዝል እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ጠቅልላ ቆማለች፤ ብርዱን አልሰማችውም። ብሳሳትስ? አለች በልቧ። ዛሬ ብሳሳት ከዚህ ከተማ እኔም ድንኳኔን መንቀል አለብኝ።

አንዷ አሮጌ በግ ቀና አለች። ነፋሱን አሸተተች። የግራውን መንገድ ጥቂት እርምጃ ሄደችና ቆመች፤ ሌይድሎ ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማ። ከዚያ በጓ ዞረች፤ የቀኙን መንገድ ያዘች፤ የፈረሰውን የድንጋይ ካብ ዘለለችና ሽቅብ ወደ ኮርቢሆፕ አቀናች። አሥሩ በሰልፍ ተከተሏት።

«በግ ሞኝ ነው፤ አንዷ የሄደችበት ሁሉም ይሄዳል» አለ ሌይድሎ፤ ግን ለማን እንደሚናገር አላወቀም፤ አጠገቡ የነበሩት ራቅ ብለው ነበር።

ሳጅን ኢምሪ በጎቹን ከኋላ ሆኖ እስከ ኮረብታው ተከተላቸው። ከኮርቢሆፕ የላይኛው አጥር ሥር ቆመው ሲጮኹ አገኛቸው። ከዚያ ወርዶ ወደ ዊኒሪግ ሄደ፤ ከጎተራው ኋላ በጨለማ ውስጥ ጆሯቸው ገና የሚደማ አራት በጎች ነበሩ። ጊዲዮን ሌይድሎ በየካቲት ተፈረደበትና ስምንት ወር ታሰረ። እርሻው ተሸጠ። በፍርድ ቤት ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ «ሰው ከስሬ መውደቄን እንዳያይ ነው» ብሎ መለሰ ይባላል።

ከተማው ለግሪዝል አጨበጨበ። አሁን ሲያልፉ ኮፍያ ያነሱላታል። እሷ ግን አልጣማትም። አንድ እሑድ የተጋገረ የበግ ሥጋ በጨርቅ ጠቅልላ አውቶቡስ ተሳፈረች። ታውንስሊዎቹን ከአንድ የድሮ ድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ አገኘቻቸው፤ ድንኳኑ ጭስ ለብሷል። ቤላ በእቅፏ የልጇን ሕፃን ይዛ ነበር። ሕፃኑ ያስላል።

«መንገድ ላይ ነው የተወለደው» አለች ቤላ ሰላም ሳትላት። «ጋሪ ሥር። ዝናቡ እየገባ።»

ግሪዝል ጥቅሉን ዘረጋች። ቤላ ፈታችው፣ አሸተተችው። «ምን አለበት?»

«የበግ ሥጋ ነው።»

«ከበጉ ሥር?»

ግሪዝል ቀላች። «ቀድመሽ ብዪልኝ» አለች ቤላ። ግሪዝል ቆረሰችና በላች። ቤላም ስታያት ቆይታ የቀረውን ለልጆቹ አከፋፈለች። ከዚያ ግሪዝል ከአውቶቡሱ ጀምሮ ስታጠናው የመጣችውን ተናገረች። «በድዬሻለሁ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ?» ቤላ ዙሪያውን አየች። «በአደባባይ ሰድበሽ በጓዳ ይቅርታ? እዚህ ማን ይሰማሻል፣ ቁራው? እዚያው ሂጂና እዚያው በዪ።»

በሚቀጥለው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ፣ ግሪዝል ሾርባውን ከእሳት አውርዳ ወደ አደባባዩ ሄደች። በመሐሉ የቆመውን የድንጋይ መስቀል ደረጃ ወጣች። ሰው የታመመች መስሎት ዝም አለ።

«ቤላ ታውንስሊ አልሰረቀችም» አለች። «ሌባ ብዬ የጮህኩባት ሌባው ሹክ ስላለኝ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እናንተም አብራችሁኝ ቆማችሁ ነበር፤ እሱን ለራሳችሁ ትቼዋለሁ።»

አንዱ አሳለ። ሳጅን ኢምሪ ጫማውን አየ። አዳም ስኩላር ብቻ ኮፍያውን አውልቆ በደረቱ ያዘ። ግሪዝል ከሕዝቡ መሐል ቀይ ፀጉር ፈለገች፤ አላየችም። ወርዳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቀጥቃጮቹ የተመለሱት በሚያዝያ ነው፤ ማንም አላባረራቸውም። አንድ ጠዋት መስኮቱ ላይ ቅርጫት ተቀመጠ።

«ሰማሁ» አለች ቤላ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰው።»

«የትኛው ሰው?»

«አሁን ደግሞ የነገረኝን ሰው ልትጠረጥሪ ነው?»

ግሪዝል ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ አለች። ሁለት ኩባያ መረጠች፤ ውሃ ሞልታ ብርሃን ላይ አንስታ እንዳያፈሱ ሥራቸውን መረመረች። ቤላ አልተቆጣችም፤ ተደግፋ ጠበቀቻት። አላፈሰሱም። በነሱው ሻይ ቀዳችና አንዱን በመስኮቱ አሳልፋ ሰጠቻት።

«ሕፃኑስ? ሳሉ ለቀቀው?»

«ቀን ቀን ለቆታል» አለች ቤላ።

ግሪዝል ለሌሊቱ ሳል ብላ ከመደርደሪያው ላይ ማር አውርዳ ሰጠቻት፤ ቤላም ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ቀመሰችው።